የተከደነው ቦይ

በወረቀቱ ቢሆን ኖሮ ወልደየስ ባልሞተ ነበር። ሬሳው የተገኘበት ቦይ «ከዳር እስከ ዳር በኮንክሪት ተከድኖ ተጠናቋል» ተብሎ በማዘጋጃ ቤቱ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል። ሰው ደግሞ በተከደነ ቦይ ውስጥ ወድቆ አይሞትም። ቦዩ ግን ማስታወቂያውን አላነበበውም መሰል፣ አፉን እንደ ከፈተ የሰፈሩን ሽንት፣ የማቶኬ ሙዝ ልጣጭና የበሰበሰ ላስቲክ ተሸክሞ ይፈሳል። ሐሙስ ጠዋት በዚያ ሁሉ ጉድፍ ላይ ሰው ተጨመረበት።

ኢንስፔክተር ሰይፈሚካኤል ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ ገባ። አብረውት የመጡት ሁለት ፖሊሶች ዳር ቆመው የራሳቸውን ጫማ ያያሉ። ተሳድቦ ሲጠራቸው ነው ወርደው ሬሳውን ያነሱለት። የሟቹ ማጅራት በድንጋይ ተመትቶ ጎድጉዷል። ሐኪሙ መጥቶ አየና፣ ውኃው ገላውን ስላቀዘቀዘው የሞተበትን ሰዓት ለመናገር እንደሚቸገር፣ ማታም ጠዋትም ሊሆን እንደሚችል ተናገረ።

«ጠዋት ነው እንጂ» አሉ የተሰበሰቡት ሁሉ ባንድ አፍ። «አንድ ሰዓት ላይ ሲናገር ሰምተነዋል።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ቡጎንዛ ከካምፓላ ጠርዝ የምትገኝ፣ መንደር ሆና ያደረች፣ ከተማ ተብላ የነቃች ቦታ ናት። በየዞኑ አንድ ረጅም እንጨት ተተክሎ የድምፅ ማጉያ ተሰቅሎበታል። ልጅ ሲጠፋ፣ ሰው ሲሞት፣ የጽዳት ዘመቻ ሲኖር ሰፈሩ የሚሰማው ከዚያ ነው። የዚህ ዞን ድምፅ ወልደየስ ነበር። ሃምሳ ያለፈው ወንደላጤ ስደተኛ፣ ኦዊኖ ገበያ አሮጌ ጫማ እየሸጠ ድምፁን የሳለ ሰው። ወደ ገበያው ከመሄዱ በፊት በየጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ማስታወቂያውን በሉጋንዳና በእንግሊዝኛ ያነባል። መጨረሻ ላይ ለሰፈሩ ሐበሾች ባማርኛ ሁለት ሦስት ቃል ይጨምርና የዕለቱን ታቦት ጠርቶ «እንኳን አደረሳችሁ» ይላል።

ሰይፈሚካኤል ራሱ የዚህ አገር ልጅ ነው። አባቱ በደርግ ጊዜ ተሰደው እዚህ የቀሩ የጎጃም ሰው፣ እናቱ ሙጋንዳ፣ የዚሁ አገር ተወላጅ ናቸው። የአባቱን አማርኛ ይዟል፣ የአባቱን በዓላት ግን ጥሏቸዋል። ከታቦቱ ሁሉ የሚያውቀው የስሙን ነው፣ እሱንም ሰው ሲያስታውሰው።

እኩለ ቀን ሳይሆን የጣቢያው አዛዥ ተጠርጣሪ አስይዞ ጠበቀው። ጀይሉ ይባላል፣ የሃያ ስምንት ዓመት የቦዳ፣ የሞተር ታክሲ ነጂ። ሌሊት ሠርቶ ቀን ስለሚተኛ በማጉያው ጩኸት እየተናደደ ከናሙዎንጎ ሰፈር ወደዚህ የገባበትን ቀን ሲረግም የኖረ ልጅ ነው። ባለፈው ወር ከዱካን ፊት ለፊት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ወልደየስን «አንድ ቀን ይህን አፍህን እዘጋዋለሁ» ብሎታል።

ጀይሉ ረቡዕ ከምሽት እስከ ንጋት ንሳምብያ ሆስፒታል ነበርኩ አለ። ሚስቱ ሰዓዳ ስትወልድ አብሯት አድሯል፣ አዋላጆቹም መሰከሩለት። ግን ሲነጋ ብቻውን ወደ ቤቱ ተመልሶ ተኝቷል። ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት፣ ድምፁ ከተሰማበት ሬሳው እስከ ተገኘበት ድረስ፣ ያየው ሰው የለም።

«ቅዳሜ ቀትር ላይ ፍርድ ቤት እናቀርበዋለን» አለ አዛዡ። «ስደተኛ ስደተኛን ገደለ። ማንም አይጮህበትም።»

ይህ የመጨረሻው አነጋገር ሰይፈሚካኤልን ከቦዩ ይልቅ ሸተተው። ልጁ አንዴ ሉዚራ እስር ቤት ከገባ ጉዳዩ እስኪታይ ዓመት ይፈጃል። የስደተኛ ወረቀቱ ጊዜው ያልፋል፣ ሚስቱ ከነአራስ ልጇ በር ላይ ትወድቃለች። ወልደየስ የሞተው ማታ ከሆነ ጀይሉ ንጹሕ ነው፣ ጠዋት ከሆነ ግን አለቀለት።

መጀመሪያ የሄደው ወደ እትዬ ተናኜ ነው። የወልደየስ ጎረቤት ናቸው፣ ለሰፈሩ ሐበሻ ሁሉ እንደ እናት። ቤታቸው ውስጥ ያልተቆረሰ ድፎ ዳቦ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ተቀምጧል።

«የሱ ነው» አሉ በአገጫቸው እያመለከቱ። «የማኅበሩ ተራ ደርሶት አስጋግሮኝ። አሁን ማን ይቁረሰው፣ የኔ ልጅ?»

ጠላት ነበረው ወይ ሲላቸው እትዬ ተናኜ የዳቦውን ጨርቅ አስተካከሉ። ወልደየስ ረቡዕ ቀን ማዘጋጃ ቤት ሄዶ እንደ ነበር ነገሩት። ሰሌዳው ላይ የተለጠፈውን አይቶ ሐሙስ ጠዋት ለሰፈሩ ላነብ ነው ብሏቸዋል። ማዘጋጃ ቤት የሄደውም የሚያነበውን አስቀድሞ ለመናገርና ቦዩን ሠራ የተባለውን ድርጅት ስም አጠራር ለመጠየቅ ነበር።

«የሰው ስም እንዳላበላሽ ብሎ እኮ ነው! ሰው ሊያጋልጥ ሄዶ ስማችሁ እንዴት ነው የሚጠራው ብሎ የሚጠይቅ እሱ ብቻ ነው።»

«ሐሙስ ጠዋትስ አነበበው?»

«አላነበበም። ያው ጽዳት፣ ያው ቆሻሻ አውጡ ነው ያለው። እንዲያውም ልቡ ሌላ ጋ ነበር፣ ሰላምታውን እንኳ አዛብቶ ነው የተናገረው። ደግሞ በዚያ ቀን! ሲመጣ እስቅበታለሁ ብዬ ጠብቄው ነበር።»

ሰይፈሚካኤል ይህን ሰምቶ ሰውየው ያን ጠዋት ፈርቶ ነበር ብሎ ደመደመ። ማታ አስፈራርተውታል፣ ስለዚህ ማንበቡን ትቶ ሰላምታው ተምታታበት ማለት ነው። በዚህ በተሳሳተ ሐሳብ አንድ ቀን ተኩል አቃጠለ።

ማን አስፈራራው የሚለውን ይዞ የመንግሥትን መሰላል ከታች ጀምሮ ወጣ። የዞኑ ሊቀመንበር ሴንካቱካ ማይክሮፎኑና ማጉያ መሣሪያው የሚቀመጥበት ክፍል ባለቤት ናቸው። ሽማግሌ ሰው ናቸው፣ ማኅተማቸውን በደረት ኪሳቸው ይዘው ነው የሚዞሩት። ቦዩ የኔ አይደለም፣ ቀበሌውን ጠይቅ አሉት። የቀበሌው ሰውዬ ከቀበሌ በላይ ያለው የዲቪዥኑ ነው አለው። የዲቪዥኑ ጸሐፊ ሮሌክሷን፣ እንቁላል የተጠቀለለበትን ቂጣ፣ እየጎረሰች፣ ዘይቱን በፋይል ላይ እየጠረገች፣ ይህ የማዘጋጃ ቤት ሥራ ነው አለችው። ማዘጋጃ ቤቱ ደግሞ ሥራውን የተረከበው ኅብረተሰቡ ነው ብሎ የርክክቡን ወረቀት አሳየው። ግርጌው ላይ የሴንካቱካ ማኅተም አለ። አራት ቢሮ ዞሮ ተመልሶ የመጀመሪያው ደጃፍ ላይ ቆመ፣ እያንዳንዱም ሲሸኘው በፈገግታ ነው።

የማዘጋጃ ቤቱ የሕዝብ መረጃ ኃላፊ ባሊንዳ ከሁሉም ይበልጥ ፈገግታ የሚያውቅ ነው። ሸሚዙ የነጣ፣ እጁ የለሰለሰ፣ ደረቱ ላይ «ግልጽነት» የሚል ባጅ የለጠፈ ሰው። ሰሌዳውን በኩራት አስጎበኘው። ሰሌዳው በብረት አጥር ውስጥ፣ ሽንት ቤቱ ጎን፣ በተቆለፈ መስታወት ውስጥ ተሰቅሏል። ፊደሉ ቅጫም ያክላል። የሚያነበው ሰው አፍንጫውን ይዞ ግንባሩን መስታወቱ ላይ መለጠፍ አለበት።

«ሁሉም ነገር እዚህ አለ፣ ጌታዬ። በጀቱ፣ ኮንትራቱ፣ ሁሉም። እኛ የምንደብቀው ነገር የለም።»

«ሟቹ ረቡዕ መጥቶ ነበር?»

«መጥቷል፣ ጨዋ ሰው። የድርጅቱን ስም አጠራር ጠየቀኝ፣ ነገርኩት። ያሳዝናል።»

ሐሙስ ጠዋት የት ነበርክ ሲለው ባሊንዳ ሳያቅማማ መለሰ። ማዘጋጃ ቤቱ የተጠያቂነት ቀን ሊያከብር ስለሆነ ከአሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ጀምሮ ሠራተኛው በሙሉ በግቢው አዳራሽ ቁርስና ልምምድ ላይ ነበር። ሃያ ሰው ይመሰክራል፣ ፎቶም አለ። ግቢው ደግሞ ከዞኑ ሩቅ ነው፣ ማጉያው እዚያ አይሰማም።

ሲለያዩ ባሊንዳ አንዲት ፍላሽ በእጁ አስጨበጠው። በየጠዋቱ ወደ ሥራ ሲሄድ መኪናውን ከማጉያው ሥር አቁሞ የዞኑን ማስታወቂያ በስልኩ ይቀዳል፣ ማኅደር ይሆናል፣ የሚናገረውንም መከታተል ያስፈልጋል። «የሐሙሱም አለበት» አለ። «ግልጽነት መሪ ቃላችን ነው።» ሰይፈሚካኤል ፍላሿን ኪሱ ከቶ ወጣ። የጨበጠውን እጁን በር ላይ ባገኘው ቧንቧ ታጠበ።

ዓርብ አመሻሹ ላይ ጣቢያው ደጃፍ ባለው አግዳሚ አንዲት ሴት ሕፃን አቅፋ ተቀምጣ አገኘ። ሰዓዳ ናት። ከሆስፒታል ወጥታ ቤቷ ሳትገባ የመጣች። ፊቷ ገርጥቷል፣ እግሯ አብጧል። ተረኛው ፖሊስ ሦስት ጊዜ ሂጂ ብሏታል፣ ሦስት ጊዜ እሺ ብላ እዚያው ቁጭ ብላለች። ሰይፈሚካኤል ሲያያት አፈረ። ወደ ቢሮው አስገብቶ የተሻለውን ወንበር ሰጣት። ከዚያ ፍላሿን አውጥቶ ኮምፒውተሩ ላይ ሰካና የሐሙሱን ቅጂ ከፈተው።

የወልደየስ ድምፅ ክፍሉን ሞላው። በሉጋንዳ ጽዳት፣ በእንግሊዝኛ ጽዳት፣ መሐል ላይ የቦዳ ጡሩንባ፣ አንዲት ሳል። ከዚያ ባማርኛ፦ «ወገኖቼ እንደምን አደራችሁ። እንኳን ለባለወልድ አደረሳችሁ።»

ሰዓዳ ሕፃኑን እያስተካከለች ቀና አለች።

«ይህ የመቼ ነው፣ ጌታዬ?»

«የትናንት። የሐሙስ።»

«አይደለም። ትናንት ሚካኤል ነበር።»

«አንቺ ሙስሊም አይደለሽም እንዴ?»

«ነኝ። ጎረቤት እኮ ነን፣ በየሚካኤሉ ዳቦ ያመጡልናል። ደግሞ ረቡዕ ምጥ ሳይጠናብኝ ጋሽ ወልደየስ ደወለልኝ። ነገ ሚካኤል ነው፣ ተራው የኔ ነው፣ የአራስ ድርሻሽን በጀይሉ እልክልሻለሁ አለኝ። ከጀይሉ ጋር ታርቀዋል፣ ለልጁም ስም ሊያወጣለት ነበር።» እንባዋ መጣ፣ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው። «የራሱን ማኅበር ቀን እንዴት ይረሳል?»

ሰይፈሚካኤል ቅጂውን አቆመው። ሰላምታውን አዛብቶ ነው የተናገረው፣ ደግሞ በዚያ ቀን! ይህን እትዬ ተናኜ ነግረውት ነበር። ዳቦውም ፊቱ ተቀምጦ ነበር። አባቱ ያወጡለትን ስም ተሸክሞ እየዞረ፣ የስሙን ቀን አንዲት ሙስሊም አራስ አስታወሰችው።

ለእትዬ ተናኜ ደወለና ያለፈው ባለወልድ በፈረንጅ አቆጣጠር መቼ እንደ ነበር ጠየቃቸው። ሁለት ሳምንት ገደማ ይሆነዋል፣ ዓርብ ቀን ነበር አሉት። ከፍላሿ ላይ የዚያን ዓርብ ቅጂ ፈልጎ ከሐሙሱ ጎን ከፈተው። ያው ጽዳት፣ በዚያው ቦታ ያው ጡሩንባ፣ ያችው ሳል። ሁለቱ አንድ ቅጂ ናቸው፣ የተለወጠው የፋይል ስማቸው ብቻ ነው።

ሐሙስ ጠዋት ሰፈሩ የሰማው የሙት ድምፅ ነው። ሉጋንዳውንና እንግሊዝኛውን አዳምጦ፣ የትኛውም ቀን ላይ የሚሆን መሆኑን አይቶ የመረጠው ሰው፣ መጨረሻ ላይ ያለችውን አማርኛ አልሰማትም። ቢሰማትም ጫጫታ ነው የመሰለችው። ለሐበሻ እያንዳንዱ ቀን ባለቤት እንዳለው አያውቅም።

ቀጥሎ የመጣበት ጥያቄ ቀላል ነበር። በየጠዋቱ ከማጉያው ሥር ቆሞ የሚቀዳው ባሊንዳ ነው። ሐሙስ ጠዋት ግን ባሊንዳ ሃያ ሰው እያየው አዳራሽ ውስጥ ቁርስ ይበላ ነበር። የሐሙሱን ማን ቀዳው?

ቅዳሜ ማለዳ ሊቀመንበር ሴንካቱካን ማጉያው ያለበት ክፍል ውስጥ አገኛቸው። ሐሙስ ጠዋት መሣሪያውን የከፈተው ማን እንደ ሆነ ሲጠይቃቸው ወልደየስ ነው አሉ። ሁለቱን ቅጂ አከታትሎ አሰማቸው። ሽማግሌው እጃቸው ወደ ደረት ኪሳቸው ሄዶ ማኅተሙን ያዘ።

ረቡዕ ማታ ባሊንዳ መጣ አሉ በመጨረሻ። ያ ሐበሻ አሞታል፣ ነገ ጠዋት ይህን አጫውቱለት ብሎ ቅጂውን ሰጣቸው። እሳቸውም አንድ ሰዓት ሲሆን ቁልፉን ተጫኑ። ክፉ ነገር አላሰቡም።

«ሬሳው ሲገኝስ?»

ሴንካቱካ መሬት መሬት አዩ።

«ከዚያ በፊትም ጠርጥሬ ነበር፣ ልጄ። ረቡዕ ሲመጣ ጫማው ርሶ ነበር። ያ ቦይ፣ ያ ሽታ፣ ከሱ ላይ ይሸተኝ ነበር።»

«ጀይሉ ታስሮ ሳለ ዝም አሉ?»

«እኔ የመጨረሻው እርከን ነኝ። ከኔ በላይ ስንት አለ። ማኅተም ምታ ሲሉኝ መታሁ፣ ቁልፍ ተጫን ሲሉኝ ተጫንኩ።»

ሰይፈሚካኤል ሊሰድባቸው አፉን ከፈተና ተወው። በሰውየው ላይ የሚተፋበት ንጹሕ ቦታ አላገኘም። ቃላቸውን አስፈርሞ ወደ ማዘጋጃ ቤት ሄደ።

ባሊንዳ ሰሌዳው አጠገብ ቆሞ የተጠያቂነት ቀን ሪባን ያሰቅላል። ሰይፈሚካኤል አንድ ነገር ብቻ ጠየቀው፦ የሐሙሱን ማን ቀዳው? ፈገግታው ከፊቱ ላይ ለመውረድ ትንሽ ጊዜ ፈጀበት። መጀመሪያ ጸሐፊዬ ናት አለ፣ ጸሐፊዋ አዳራሹ ፎቶ ላይ ከጎኑ ተቀምጣለች። ከዚያ የሴንካቱካን ቃል ሰማ፣ ከዚያም ቤቱ ሲፈተሽ ያንን ሽታ የያዘው ጥንድ ጫማ መታጠቢያው ጀርባ ተገኘ።

የሆነው እንዲህ ነው። ባልተከደነው ቦይ ገንዘብ ተበልቷል፣ ሰፈሩ ከሰማ ይጋለጣል። ወልደየስ የድርጅቱን ስም አጠራር ጠይቆ አመስግኖ ሲወጣ ባሊንዳ ተከትሎት፣ ምናልባት ስህተት ተፈጥሮ ይሆናል፣ ማታ እመጣለሁ፣ ያልተከደነውን ቦታ አሳየኝ አለው። ወልደየስ ደስ አለው። ባለሥልጣን ለመጀመሪያ ጊዜ ቦዩን ሊያይ ሲመጣለት ነው። አስቀድሞ እየመራ፣ በጣቱ እያሳየ፣ ጎንበስ ብሎ ጥልቀቱን ሲያስረዳ ነው ድንጋዩ ማጅራቱ ላይ ያረፈው።

«ሊያነብ የነበረው እኮ እናንተው የለጠፋችሁትን ነው» አለው ሰይፈሚካኤል። «ምን ምስጢር ነበረው?»

ባሊንዳ ጥያቄው የገረመው መሰለ።

«መለጠፍ ሌላ፣ ማንበብ ሌላ። የተለጠፈን ማን ያነባል?»

ጀይሉ ቅዳሜ ቀትር ከመሆኑ በፊት ተፈታ። ሰዓዳ ሕፃኑን ሰጠችው፣ እሱም ሁለት ቀን ያልታጠበ እጁን ሸሚዙ ላይ ደጋግሞ ጠርጎ ተቀበለው። አዛዡ ግን ፊቱን አጠቆረ። ሰይፈሚካኤል የድርጅቱ ባለቤት ማን እንደ ሆነ ልመርምር ሲለው ገዳዩ ተይዟል፣ ነገሩ እዚህ ላይ ይቁም አለው። ስልክ ተደውሎለታል። ከየትኛው እርከን እንደ ተደወለለት አልተናገረም፣ ከበላይ መሆኑ ብቻ ያስታውቃል።

ሰኞ ጠዋት ሰይፈሚካኤል በማዘጋጃ ቤቱ ሲያልፍ ግቢው ገብቶ ሰሌዳውን አየ። አዲስ ወረቀት ተለጥፏል። በሟቹ ድንገተኛ ሞት ጥልቅ ሐዘን ተሰምቶናል ይላል፣ ያው በቅጫም ፊደል። ከጎኑ ያለው አልተነሣም፦ ከዳር እስከ ዳር ተከድኖ ተጠናቋል። ዞኑ ደርሶ ሮሌክስ ገዛ።

አንድ ሰዓት ሲሆን ማጉያው ተንኮሻኮሸ። ድምፁ የማያምር፣ የጎረነነ፣ እንቅልፍ ያጣ ድምፅ ነው።

ጀይሉ ነበር። ሴንካቱካ በሩን ከፍተውለት ራሳቸው ወደ ጓሮ ሄደዋል። በሚሰባበር ሉጋንዳ ከሰሌዳው የገለበጠውን ቃል በቃል አነበበ፣ የቦዩን ርዝመት፣ የኮንክሪቱን ውፍረት፣ የርክክቡን ቀን። ከዚያ ወደ አማርኛው ዞረ።

«ወገኖቼ እንደምን አደራችሁ። ዛሬ ኪዳነ ምሕረት ናት ብለውኛል፣ እንኳን አደረሳችሁ። ጋሽ ወልደየስ ሊያነብላችሁ የነበረው ይህ ነው። ቦያችን ተከድኗል። የከደነው ድርጅት ንኳ... ንካዋንዚ ባ...»

ስሙ ተበላሸበት። ማጉያው ዝም አለ። ሰይፈሚካኤል ከእንጨቱ ሥር ሄዶ ቆመ። ሽቦውን ሊቆርጥ የሚመጣ ካለ ፊት ለፊት ያገኘዋል።

«ይቅርታ፣ የሰው ስም አበላሸሁ» አለ ጀይሉ። «እንደገና ልበለው። ንክዋንዚ ባዚምቢ።» ከዚያ ቀስ ብሎ፣ አንድ ባንድ፣ ሦስተኛ ጊዜ አለው።

ሰው ከየቤቱ ወጣ። የጥርስ ብሩሽ አፉ ውስጥ ያለ፣ ልጅ ያዘለች፣ ባዶ እግሩን የሮጠ፣ ሁሉም ቦዩ ዳር ተሰልፎ ቆሞ ወደ ታች ያያል።